ዘጠኝ ምልክትና አንድ ነጥብ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ የሦስተኛውን ፎቅ በር ከፍታ ስትገባ ሽማግሌውን ከጠረጴዛቸው ሥር በደረታቸው ተደፍተው አገኘቻቸው። የወደቀ ነገር የሚፈልጉ መስሏት "ይተዉት ጋሼ፣ እኔ አነሳልዎታለሁ" አለቻቸው። ልታነሳላቸው ጎንበስ ስትል ጭንቅላታቸውን አየች። ከዚያ በኋላ ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው ዛሬም ድረስ አታስታውስም።

እኔ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ወንጀል መርምሬያለሁ፤ ሥራዬ መጠርጠር ነው። ሚስቴ "ጨው አለቀ" ስትለኝ "ማን ጨረሰው?" የምል ሰው ሆኛለሁ። እሷም ለምዳዋለች፣ አሁን አሁን ከነማስረጃው ነው የምትነግረኝ።

ሟቹን ሰው ሁሉ "ጋሽ አኃዝ" ነበር የሚላቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እዚህ መሥሪያ ቤት የአኃዝ አማካሪ ነበሩ። ከኋላ በኩል ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል። የተመቱበት ቀይ የእሳት ማጥፊያ ወደ መስቀያው ተመልሶ ተሰቅሏል፣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። የቢሮ ዕቃ ወደ ቦታው የሚመልስ ነፍሰ ገዳይ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሐኪሙ እሑድ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞቱት አለ።

ከጠረጴዛቸው በላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ምልክት ተጽፏል፣ ፳። ሦስት ጊዜ ተከቧል። ከሥሩ ፪· የሚል ተጽፎ በኃይል ተሰርዟል። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ቢሆንም ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ያልገባኝን ነገር ሁሉ እገለብጣለሁ።

መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ ሥራ አስኪያጇ አስረዳችኝ። ኮምፒውተርና መሣሪያዎች ቀንና ሰዓት ሲጽፉ በለመድነው ቁጥር ሳይሆን በጥንቱ በራሳችን የግዕዝ አኃዝ እንዲጽፉ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው የሚሠሩት። ሐሙስ በሁሉም ጤና ጣቢያዎች ሊገባ ነው። ለሙከራ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥና እዚሁ በራቸው ላይ ካስገቡት ቆይቷል። የሦስተኛው ፎቅ በር የሚከፈተው በካርድ ነው፤ የማን ካርድ በስንት ሰዓት እንደገባ መሣሪያው ይመዘግባል። ሲወጡ አይመዘግብም።

"መዝገቡን አምጪልኝ" አልኳት።

"በጥንቱ አኃዝ ነው የተጻፈው፤ ማንበብ አይችሉም። እኔም ከሦስት በላይ አላነብም" አለችና ፊቷ ቀላ። የሶፍትዌሩን አኃዝ የምታርመው ሠራተኛ፣ አራሚዋ፣ ወደ ለመድነው ቁጥር ገልብጣ ታምጣልዎት ብላ ላከችባት። እስኪደርስ ወደ ግቢው ወረድኩ።

ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ዘበኛውን "ሻለቃ" ይሉታል፤ ከተራ ወታደርነት ሳያልፍ እንደወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሑድ የት እንደነበረ ጠየቅኩት።

"ከዚህች በር ንቅንቅ አላልኩም፣ አለቃ" አለ ደረቱን ነፍቶ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ አጥሩን ተደግፎ ሲሰማ ነበር። "ሻለቃ ምን ነካህ? ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ዳማ ስንጫወት ሦስት ጊዜ አሸንፌህ የለም?" አለ ሰው ሁሉ እየሰማው። አንዳንዱ ሊስቅ ዳድቶት አፉን ያዘ። ሻለቃ አንገቱን ደፋ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተገለበጠው መዝገብ መጣልኝ። የእሑዱ ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ፣ ዘበኛው፤ በየጠዋቱ ወጥቶ መስኮት ያያል። ሰባት ሰዓት ከሠላሳ፣ ጋሽ አኃዝ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ ዘበኛው። ሌላ የገባ ሰው የለም።

ሻለቃን ይዤው ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ ካርዱ መሰከረበት፣ ራሱም ዋሽቷል።

* * *

ጣቢያ ካስገባሁት በኋላ እውነቱን ነገረኝ። ዳማ መጫወቱ ከታወቀ ከሥራ ይባረራል፤ ስለዚህ ዋሸ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ስልክ ስለሚደውል ተመልሶ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላየውም። ካርዱስ? ካርዱ ከክፍሉ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ጋሽ አኃዝን ለምን ይገድላል? እኔ እንጃ። ሰው ሰውን ለምን እንደሚገድል ባወቅኩ ቁጥር ምክንያቱ እያነሰ ነው የመጣው።

አለቃዬ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ የምርመራ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አስረክባለሁ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ዘበኛው ወደ ማረሚያ ቤት ይወርዳል፣ ጉዳዩ እስኪታይ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ሻለቃ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ የሻለቃ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የቀሚሷ ደረት ላይ የተሰካ መርፌ ከነክሩ ረስታው መጥታለች። ምሳ ዕቃ ታቅፋለች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይስሙኝ" አለች። "የአባቴ ቀኝ ጉልበት ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው በጠዋት አንዴ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤት ሲመጣ እንኳ የኛን አራት ደረጃ እኔን ተደግፎ ነው የሚወጣው።"

ለአባቱ የማይመሰክር ልጅ አይቼ አላውቅምና ብዙም አልገረመኝ። ግን በዘጠኝ ሰዓት ሻለቃ ወደ ታሰረበት ክፍል ሄጄ ሱሪውን እንዲሰበስብ አዘዝኩት። ጉልበቱ የሕፃን ራስ አክሏል። ጎብጬ እያየሁት ሳለ "አለቃ፣ ልጄ ምሳዋን በልታለች?" ብሎ ጠየቀኝ።

* * *

ሶፍትዌሩን የጻፈውን ፕሮግራመር ጠረጠርኩት። ምክንያትም ነበረኝ። ዐርብ ዕለት ከጋሽ አኃዝ ጋር ሲጯጯሁ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም፣ ሲያወራ ዓይን አያይም፣ ጣቱ ጠረጴዛውን እንደ ኮምፒውተር መጻፊያ ቁልፍ ይነካካል።

"ስለ ምን ተጣላችሁ?"

"ስለ ቁጥር።"

"ሰው ስለ ቁጥር ይጣላል?"

"እሳቸው ይጣላሉ" አለ። ያልተዘጋጀበት መልስ ነው፤ ከተናገረው በኋላ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ሥራህን በሙሉ አፍርሰህ እንደገና ጀምር አሉኝ። ሁለት ዓመት የሠራሁትን። እኔም ቁጥር ቁጥር ነው አልኳቸው። የመጨረሻ ንግግራችን እሱ ሆነ።"

እሑድ ግን እኅቱን ቤት ሲያስቀይር ውሏል። እኅቱን ጠየቅኳት፣ ባለ መኪናውን ጠየቅኩት፣ ቁም ሣጥን ግድግዳው ላይ ያደረሰውን ጭረት ለካሁ። አከራይዋ ሴትዮ ደግሞ ለዚያ ጭረት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ስትጨቃጨቀው እንደነበር በኩራት ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ምስክር በገንዘብ አይገኝም። ፕሮግራመሩን ለጊዜው ተውኩት።

ሥራ አስኪያጇ ጋ ተመለስኩ። እሷም ከጥርጣሬዬ አላመለጠችም፤ ሐሙስ ሥራው ካልገባ ወንበሯ ይነቃነቃል። ጋሽ አኃዝ ሥራው እንዲቆም ይፈልጉ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዐርብ ከሰዓት በኋላ መጥተው የማረጋገጫ ፋይሉን እንደተዋሷት፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግሯት እንደወጡ መለሰችልኝ። ፋይሉ ከጠረጴዛቸው ላይ ተገኝቷልና አሳየችኝ። አንድ ገጽ የታተመ ወረቀት ነው፤ የወሩ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት በጥንቱ አኃዝ ተራ በተራ ተጽፈዋል፣ ከሥሩ "አይቼ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ" ይላል። ፈራሚዋ አራሚዋ ናት። እሑድ የት ነበርሽ ስላት ሥራ አስኪያጇ ቀና ብላ ዐየችኝና የልጇን የልደት በዓል ከአርባ ሰው ጋር አከበርን አለችኝ። አርባውን ሁሉ አልጠየቅኩም፤ ስድስቱን ጠየቅኩ።

* * *

አራሚዋን ያገኘኋት በሐዘን ጥቁር ለብሳ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ቀይ እስክሪብቶዎቿን በመጠናቸው አሰልፋ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጋሽ አኃዝ ያስተማሯት በልጅነቷ ነው፤ የጥንቱን አኃዝ ሌላ ሰው ሁሉ ሲተወው እሷ ብቻ ከእሳቸው ጋር ቀረች። እዚህ ሥራ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። "አባባ" ነበር የምትላቸው።

"አንድ ጊዜ አሥርን አንድ አድርጌ ጽፌ ሙሉ ገጽ አስደገሙኝ" አለችኝ። "የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እጄ ተሳስቶ አያውቅም።"

እሑድ የታመመች እናቷ ጎን ውላለች። እናቷን ሄጄ ጠየቅኩ፤ "ከጎኔ አልተለየችም" አሉኝ፣ በጥያቄው መሃል እንቅልፍ ሸለብ እያደረጋቸው። እናት ለልጇ ተኝታም ትመሰክራለች። ያም ሆኖ አራሚዋ የምትጠረጠር አልመሰለችኝም፤ ሐዘኗ እውነተኛ ነበር። እውነተኛ ሐዘን ያለው ሰው ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ያን ዕለት ረሳሁት።

ስወጣ ከጋሽ አኃዝ ኪስ የተገኘውን ወረቀት አሳየኋት። የታጠፈ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ነው፤ የሕፃን ስምና አንድ አኃዝ ብቻ ይታይበታል፣ ፪። ምን እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። አላውቅም አለች፣ ቶሎ።

ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ነርሷ ወረቀቱን ስታይ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

"ዐርብ ዕለት ለሽማግሌው የሰጠኋቸው እኔ ነኝ" አለች። "የልብ ሕመም ያለበት ሕፃን ነበር። ሐኪሙ ወሩ ሃያ ሲይዝ ተመለሱ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሞላ፤ ማተሚያው ይኼን አወጣ። እናቱ አንባቢ ናት፣ የጥንቱንም ታውቃለች። ሁለት ይላል ብላ በሚቀጥለው ወር በሁለት መጣች። ማለቴ፣ ልትመጣ ነበር። ሕፃኑ በዚያው ወር በሃያ ስድስት ቤቱ ሞተ።"

ደብተሬን ገለጥኩ። ሰሌዳው ላይ የተከበበው ፳ ሃያ ነው። የተሰረዘው ፪· ደግሞ መሣሪያው ለሃያ የጻፈው ነው፤ ነጥቢቱ በዚህ በደከመ ማተሚያ ላይ አልወጣችም። ብትወጣስ ማን እንደ ቁጥር ያነባታል? ሕፃኑ በቀጠሮው ቢመጣ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት። መስኮቱን እያየች፣ ምናልባት፣ አለችኝ።

እንግዲህ ጋሽ አኃዝ ዐርብ ይህን አወቁ፤ እሑድ ተገደሉ። ይህን ነገር ሻለቃ ከየት ያውቀዋል? ዳማ እንኳ ሦስቴ የሚሸነፍ ሰው ነው።

* * *

ከሰዓት በኋላ ወደ ፕሮግራመሩ ተመለስኩ። ቅጂ ሲሰጡኝ ዋናውን ካላየሁ የማልተኛ ሰው መሆኔን ሰኞ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። የበሩን መዝገብ በጥንቱ አኃዝ እንዳለ አትምልኝ አልኩት። አራት ገጽ ሆነ፤ አንድ መቶ ስድስት መስመር።

"አሁን እንዴት እንደሚሠራ እንደ ሕፃን አስረዳኝ" አልኩት።

"ቀላል ነው። ሠንጠረዥ አለኝ። ለአንድ ይኼን፣ ለሁለት ይኼን እያለ እስከ ዘጠኝ ይተካል። አሥራ ሁለት ከሆነ አንድንና ሁለትን ጎን ለጎን ያደርጋል። ለዜሮ በጥንቱ ምልክት ስለሌለ ነጥብ አኖርኩ።"

"ጋሽ አኃዝ ይህንን ነው አፍርስ ያሉህ?"

"አዎ። አሥር የራሱ ምልክት አለው፣ ሃያም፣ ሠላሳም አሉኝ። ፍተሻው ላይ ለምን ማንም አልነገረኝም ብዬ ጮህኩባቸው።" እጁን ከጠረጴዛው አነሳ። "ፍተሻውን ያደረግነው ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን ነው። መሣሪያው የመዘገበው እስከ ዘጠኝ ብቻ ነበር። ያንን አትሜ ሰጠኋት።"

የመጨረሻውን ገጽ፣ የእሑዱን፣ በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ፩:፬·፣ ዘበኛው። ፯:፫·፣ ጋሽ አኃዝ። ከዚያም ሦስተኛው መስመር። ፱:፲፣ ዘበኛው።

"ሠንጠረዥህ ውስጥ ስንት ምልክት አለ?"

"ዘጠኝ ምልክትና አንድ ነጥብ።"

"ታዲያ ይቺ ማን ናት?" ብዬ ጣቴን ፲ ላይ አሳረፍኩ።

ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። ከንፈሩ ደረቀ።

"ይኼን የኔ መሣሪያ አልጻፈውም" አለ። "ሊጽፈውም አይችልም፤ ምልክቱ የለውም። ዘጠኝ ከአሥርን ቢጽፍ ከዘጠኝ ቀጥሎ አንድና ነጥብ ነው የሚያወጣው።"

አራቱን ገጽ መስመር በመስመር ቆጠርኩ። በአንድ መቶ ስድስት መስመር ውስጥ ፲ ያለችው አንዴ ነው። በተሳሳተ መዝገብ መሃል ብቸኛዋ ትክክለኛ መስመር እሷ ናት፤ የሰው እጅ የጻፋት ናት ማለት ነው። መሣሪያው መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር አስተላልፎ የራሱን እንደሚያጠፋ፣ ፋይሉንም ሠራተኛ ሁሉ መክፈት እንደሚችል ፕሮግራመሩ ነገረኝ።

ያንተስ እጅ ቢሆን ብዬ አሰብኩ፤ መጠርጠር አለብኝ። ግን እሱ ቢሆን አንድና ነጥብ ነበር የሚያደርገው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ትክክል ነው ብሎ ያመነበት እሱ ነውና። ሥራ አስኪያጇ ከሦስት አታልፍም። ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። መካኒኩ "እስከ ዘጠኝ" ብሎ የጮኸው ግቢው ውስጥ በሁሉም ፊት ነው። መዝገቡ ተገልብጦ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ። ለሦስት መስመር ግማሽ ሰዓት።

ለአለቃዬ ነገርኩት። "በአንዲት ጭረት ሰው ልፈታ?" አለኝ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ያው ሐሙስ ስድስት ሰዓት እንደሆነ ነገረኝ።

* * *

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ አራቱን ገጽ ይዤ አራሚዋ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥኩ። ዐቃቤ ሕግ ማንበብ አልቻልኩም እንዳለ፣ ከየመስመሩ ጎን ትክክለኛው አኃዝ ይጻፍልኝ እንዳለ ነገርኳት። ውሸቴን ነው። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ሕሊናዬ ጥቂት ያጉረመርማል።

"አሁኑኑ?"

"ብትችዪ አሁኑኑ። እኔ እጠብቃለሁ።"

ከተሰለፉት እስክሪብቶዎች ሁለተኛውን አነሳች። እንዴት እንደምትሠራ ማየት ያስደስት ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ ስሕተቱን ይከባል፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ያስቀምጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ፫ን ከነነጥቧ ከቦ ፴ ይላል። ፩ንና ፪ን ከቦ ፲፪ ይላል። አንደኛው ገጽ በቀይ ሞላ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ለጥቂት ደቂቃ ሐዘኗን ሁሉ የረሳች መሰለች።

አራተኛው ገጽ ላይ የእሑዱን የመጀመሪያ መስመር ከባ አርባን ጻፈች። ሁለተኛውን ከባ ሠላሳን ጻፈች። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶው ሳይነካ አለፈና ወደ ሰኞ ወረደ። የሰኞን አንድ መስመር አረመች። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ።

ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመልሶ በቀይ በተሞላው ወረቀት መሃል ንጹሕ ሆና የቀረችውን መስመር አየ።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል" አልኳት። "የገባሽበትን መስመር አጥፍተሽ የሱን ስምና ሰዓት ስትጽፊ እጅሽ እንዳስተማሩት ጻፈ።"

እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥማ ወደ ቦታው፣ ከአንደኛውና ከሦስተኛው መሃል መለሰችው። ያኔ የተሰቀለው የእሳት ማጥፊያ ትዝ አለኝ።

"የሰጡኝ ገጽ እስከ ዘጠኝ ነበር" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "አሥረኛውን አሳዩኝ አላልኩም። አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ አልጠየቅኩም። ቸኩዬ ነበር፣ ቅዳሜ ነበር፣ ፈረምኩ። እሑድ ጠርተውኝ ወረቀቷን አሳዩኝ። የሕፃኑን ስም ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ።"

"ተቆጡሽ?"

"ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ እንናገራለን አሉኝ። አባባ፣ ስሜን ብቻ ይተዉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አልችልም አሉ። 'አብሬሽ እሄዳለሁ፣ እጅሽን ይዤ ነው የምሄደው' አሉኝ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ ዞሩ።" የእስክሪብቶዎቹን ሰልፍ አስተካከለች። "ሃያን እየከበቡ ነበር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ማቆም አልቻሉም። እኔ እንዲያቆሙ ብቻ ነበር የፈለግኩት።"

"ሻለቃስ?"

"ማስረጃው ትንሽ ነው፣ ይለቁታል ብዬ ነበር።"

"የኛን መሥሪያ ቤት አታውቂውም" አልኳት። ሳልወድ አዘንኩላት፤ ለሷ ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ። የሻለቃ ልጅ ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን ምሳ ዕቃ ታቅፋ ስትቀመጥ ይህቺኛዋ ቁጥር ስታርም ነበር።

ቃሏን ሰጥታ ስትፈርም ቀኑን በጥንቱ አኃዝ ጻፈች፣ ፳።

* * *

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ የአራሚዋን ቃልና አራቱን ቀይ ገጾች አስቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጇ ከዚያ በፊት ለጤና ጣቢያዎቹ ስልክ ደውላ ሥራውን አስቁማለች፤ ፕሮግራመሩ ሠንጠረዡን ማፍረስ ጀምሯል አሉ። አለቃዬ አንብቦ ሲጨርስ የመፍቻ ወረቀቱን ፈረመ። ይቅርታ የሚባለውን ነገር እኔ እንድነግራቸው ተወልኝ።

ሻለቃን ከክፍሉ አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ አመጣሁት። ልጁ ብድግ አለች፣ ግን አልቀረበችውም፤ እስክፈቅድላት ጠበቀች። እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ወረቀቱን አነበብኩለት፣ ከዛሬ ሃያ ቀን ጀምሮ ነጻ ነህ ይላል። እንዳነበብኩት ፊቱ ጠቆረ።

"ሃያ ቀን?" አለ። ልጁም ምሳ ዕቃውን አጥብቃ ያዘች።

የጽሑፉ አነጋገር ነው ያሳሳታቸው፤ የማያውቅ ሰው ሃያ ቀን ይቆያል ብሎ ይሰማዋል። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቁጥሩን ፈለገ፣ አገኘው፣ በጣቱም ነካው። እኔም ጣቱ ባለበት ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ያቺ የጤና ጣቢያ እናትም ወረቀቷን እንዲህ ይዛ ቆማ ነበር፤ ከጎኗ ሆኖ ቀኑን የሚነግራት ሰው አልነበረም።

"ሃያ ማለት ወሩ የያዘው ቀን ነው፣ ሻለቃ" አልኩት።

"እሱ መቼ ነው?"

"ዛሬ ነው።"

ልጁን ዐየ፣ እኔን ዐየ። "ዛሬ?"

"ዛሬ፣ ሐሙስ፣ አሁን። ይሂዱ።"

ልጁ መጥታ ቀኝ ክንዱን በትከሻዋ ላይ አደረገች። የጣቢያው በር አራት ደረጃ አለው፤ አንድ በአንድ ወረዱት።